የግንቡ ፈርን፦ ከጥቅምት እስከ ጥቅምት

ጥቅምት 9 ቀን 2017

ጋሼ ግንቡን ሊያስለስኑ ነው። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ እንደ ዋዛ ነገሩን። "ይኼ አሮጌ ድንጋይ ግቢውን አስጠላው። በሲሚንቶ ልስን አድርጌ ቀለም ላስቀባው ነው" አሉ። ግንቡ የእሳቸው ነው። ምን ይባላል?

ግቢያችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ግንቡ በእኛና በጋሼ መሀል ይቆማል። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በጭቃና በኖራ የተያያዘ፣ ከቁመቴ ትንሽ ከፍ የሚል። ፀሐይ ብዙ አያገኝም። በአንድ በኩል ማድ ቤታችን ይከልለዋል፣ ከላይ የጋሼ ወይራ ጥላ ይጥልበታል። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ደግሞ ፈርን በቅሎበታል።

እናቴ "ያ ቅጠል" ነው የምትለው። ሌላ ስም ሰፈር ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ትናንሾቹን ሳልጨምር ቆጠርኩት፤ 23 ነው።

ቅጠሉ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። እጀታው ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፣ የተቃጠለ ሽቦ ነው የሚመስለው። ከግራና ቀኙ ትናንሽ ቅጠሎች ይወጣሉ፣ እነሱም መልሰው ይከፋፈላሉ። የመጨረሻዎቹ ሽብልቅ ይመስላሉ፤ ጫፋቸው ልጅ በመቀስ የተጫወተበት ነው የሚመስለው፣ ጥርስ ጥርስ። ሥሩ ጋ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ልክ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት። ገልበጥ ስታደርጉት ደግሞ ጀርባው ላይ ቡናማ ሰረዞች አሉ። ነጥብ አይደሉም፣ ሰረዝ ናቸው። ይኼ በኋላ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ጋሼን ሁለት ሳምንት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። "ለቅጠል?" አሉ። ከዚያ ሳቁና "እሺ፣ ለሳኙም ገና ቀን አልቆረጠም" አሉኝ።

ጥቅምት 12

ብሔራዊ ሄርባሪየም ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ነው። ስንት ዓመት በዚያ በር ሳልፍ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ያለው ደረቅ ዕፀዋት ነው። ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ቀጠፋቸው ተጽፎባቸው፣ ቁም ሳጥን ሙሉ ተደርድረዋል። አገሪቱ ውስጥ የሚበቅለውን ሁሉ በመጽሐፍ ለማስፈር ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠራው ሥራ ላይ ይኼ ቤት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሁለት ቅጠል በጋዜጣ መሀል አድርጌ ሄድኩ። የተቀበሉኝ ባለሙያ መጀመሪያ ያዩት ጀርባውን ነው። "ሰረዝ ነው፤ እንግዲህ አስፕሌኒየም ነው" አሉ። ቀጥለው የእጀታውን ጥቁረትና ሥሩ ጋ ያለውን ቡናማ ቅርፊት አዩ። ደረቁን ናሙና አውጥተው ከጎኑ አስቀመጡት። የእኔው ዘመድ፣ ጠፍጥፎ ቡናማ የሆነ። አስፕሌኒየም ኤቲዮፒከም።

"አስፕሌኒየም" ከግሪክ የመጣ ነው፤ ቃሉ ጣፊያን ይነካል። የድሮ ሐኪሞች የጣፊያ መድኃኒት ነው ብለው ያምኑ ነበር። "ኤቲዮፒከም" ሲሉኝ ደግሞ ደረቴ ትንሽ ነፋ ማለቱን አልደብቅም። ባለሙያው ሳቁብኝ። በዚያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ዕፀዋት አጥኚዎች "ኤቲዮፒያ" ሲሉ አፍሪካን በጅምላ ማለታቸው ነበር፣ ብዙ ጊዜም ደቡቡን ጫፍ። ለሠርግ የሚታሰረው ነጭ የካላ አበባ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ "ኤቲዮፒካ" አለበት። ሊኒየስ በ1753 መዝግቦታል። አገሩ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የእኔ ፈርን ቢያንስ እዚህም ይበቅላል። ከአፍሪካ አልፎ እስከ አውስትራሊያ ይደርሳል።

ስወጣ የት እንደሚወድ ጠየቅኳቸው። "ደጋ ጫካ። ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ። መሬት ላይ ብዙም አይደለም" አሉኝ። ይኼን ቢጤ ምክር ሰምቼ ረሳሁት። ዋጋውን በኋላ ከፈልኩ።

ጥቅምት 16

ዘር የለውም፤ አበባም የለውም። ያሉት ስፖሮች ናቸው። ልጄ "ስፖርት?" ብላ ትስቃለች። ቡናማዎቹ ሰረዞች የትናንሽ ከረጢቶች ክምር ናቸው። በአንዷ ከረጢት ውስጥ ብዙውን ጊዜ 64 ስፖር ይኖራል። በአንድ ቅጠል ላይ ስንት ከረጢት እንዳለ አስቡት።

ሁለት የበሰሉ ቅጠሎች ቆረጥኩ። የበሰለ ማለት ሰረዙ ጠቆር ያለ፣ ግን ገና ያልተራገፈ። ነጭ ወረቀት ላይ ጀርባቸውን ወደ ታች አድርጌ፣ በላዩ ሌላ ወረቀትና አንድ ደብተር ጭኜ አሳደርኩ። ጠዋት ሳነሣው የቅጠሉ ሥዕል ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። በቡና ዱቄት የተሣለ ነው የሚመስለው። ግን ከቡና ዱቄት በጣም ይልማል። ስተነፍስ በነነ። ያን ጊዜ አፌን ያዝኩ።

አንዱን ቁራጭ ከጠረጴዛ መብራት ሥር በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሙቀቱ ሲነካው ከረጢቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። በእያንዳንዷ ጀርባ ላይ ወፍራም የቀለበት ዓይነት ነገር አለ። ሲደርቅ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከዚያ በድንገት ይመለስና ብናኙን ይወረውራል። ወንጭፍ ነው በቃ። አጉሊ መነጽሩ ላይ ሁለት ሦስቴ አረፈብኝ። እራት ቀርቦ ሲጠሩኝ አልሰማሁም።

እትዬ ከጎን ክፍል መጥተው "ዕፀ መሰውር ነው እንዴ የምትፈልገው?" አሉኝ። ቀልዳቸው ነበር። ግን ገርሞኝ ነገርኳቸው፦ ፈረንጆቹም እንዲሁ ያስቡ ነበር። ፈርን ዘሩ አይታይም፣ እንግዲህ ዘሩን የያዘ ሰው ከዓይን ይሰወራል ብለው ያምኑ ነበር። እትዬ ወረቀቱን አዩት፤ "ታዲያ ይኼው ይታያል" አሉና ሄዱ።

ጥቅምት 18

ዘራሁ። ይኼን በዝርዝር እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ያስቸገረኝ ንጽሕናው ነው።

አፈሩ፦ አንድ ጣሳ ብስባሽ፣ አንድ ጣሳ በወንፊት የተነፋ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ግማሽ ጣሳ አሸዋ። ሦስት የሃይላንድ ጠርሙሶችን ከወገባቸው ቆርጬ ታቹ ላይ ሁለት ጣት ያህል አፈር አደረግኩ። የፈላ ውሃ ሁለቴ አፈሰስኩበት። ውሃው አፈሩ ውስጥ ያለውን የሻጋታና የአረም ዘር ይገድላል። ይኼ ካልተደረገ ፈርኑን የሚቀድም ነገር መቼም አይጠፋም። በፌስታል ሸፍኜ እስኪበርድ ጠበቅኩ።

ወረቀቱን ዘንበል አድርጌ በእርሳስ መታ መታ አደረግኩት። ገለባው ቶሎ ይንሸራተታል፤ ስፖሩ ወረቀቱን የሙጥኝ ይላል። ገለባውን ጣልኩ፣ ሻጋታ የሚመጣው ከእሱ ነውና። የቀረውን ከላይ ነፋ ነፋ አደረግኩበት። አፈር አልመለስኩበትም፤ ብርሃን ይፈልጋል። የጠርሙሱን የላይኛውን ግማሽ መልሼ ገጠምኩና በፕላስተር አሸግኩት። በሰሜን በኩል ያለው መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው፣ በዚህ ወቅት ፀሐይ የማይገባበት። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ጻፍኩባቸው።

የቧንቧ ውሃ አልተጠቀምኩም። ቢሆንም ፈረቃችን ዛሬ አልነበረም። ከአሸንዳ የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ነበረኝ።

ጥቅምት 27

ለሳኞቹ መጡ። ሌሊቱን በሙሉ እንዳልተኛሁ እናቴ መስክራለች።

ከአንደኛው ወጣት ጋር ተግባባን። "ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ" አልኩት። "አለቃ፣ አንተ ድንጋዩን ብትነቅል ሥራ ታቀልልኛለህ እኮ" አለኝ። መሮና መዶሻ ይዤ ገባሁ። የፈርኑ ሥር ድንጋዩ መሀል ጠልቆ ይሄዳል ብዬ ነበር። አይሄድም። ስስ ነው፤ ጥቁር ጸጉር ይመስላል። ከጭቃው ጋር ተሰፍቶ አንድ መዳፍ ያህል ቦታ ይይዛል። እሱን ከነጭቃው ማውጣት ነበረብኝ። ከ23ቱ 9 በደህና ወጡ። ሌሎቹ በእጄ ተበጠሱ።

ዘጠኙን በትልልቅ ሸክላ ተከልኩ። በጥሩ ጥቁር አፈር። ጠገብ አድርጌ አጠጣኋቸው። እንዴት ያለ ደስታ ነበር!

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን በየደጁ ያነዳል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ ይኼው ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ማታ ግቢያችን ዓይን አያስገልጥም። ጎማ ያቃጠለም አለ፤ ይኼን ግን ማንም አባት አላወረሰንም።

እኔ ጠርሙሶቼን አየሁ። ጭሱ አልገባባቸውም። ያኔ አንድ የለንደን ሐኪም ትዝ አለኝ። ናትናኤል ባግሾ ዋርድ ይባላል። ፈርን ይወድ ነበር። የለንደን የከሰል ጭስ ግን ግቢው ውስጥ የተከለውን ሁሉ ይገድልበታል። በ1829 የእሳት እራት ሙሽሬ እርጥብ አፈር ላይ አድርጎ ጠርሙስ ውስጥ ከደነ፤ ስትፈለፈል ለማየት ነበር። እሷን ሲጠብቅ ከአፈሩ ላይ ሣርና አንድ የጫካ ፈርን ብቅ አሉ። ቀን ላብ የሆነው እርጥበት መስታወቱ ላይ ይንጠባጠብና ማታ ተመልሶ ይወርዳል። ውሃ ሳይጨምርበት ዓመታት ኖረለት። ከዚያ በኋላ የሠራው የመስታወት ሣጥን የሻይ ችግኝ ሳይቀር በመርከብ ከአገር አገር አሻገረ።

የእኔዎቹም አላባቸው። ሌላ ግን ምንም የለም፤ አፈር ብቻ።

ታኅሣሥ 2

መጥፎ ዜና ከሸክላዎቹ። ከዘጠኙ አምስቱ ሄደዋል። መጀመሪያ ጫፋቸው ጠቆረ። የጠማቸው መስሎኝ ጨመርኩላቸው። ከዚያ መሀሉ ጠቆረ። አሁንም ጨመርኩ። ዛሬ አንዱን ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሥሩ በስብሷል፤ የረጋ ውሃ ሽታ አለው።

ያን ጊዜ "መሬት ላይ ብዙም አይደለም" ያሉኝ ትዝ አሉኝ። ፈርን ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ምንጭ ዳር ነው፣ ፏፏቴ ነው። ይኼኛው ግን የሚኖረው ዛፍ ቅርፊትና ድንጋይ ስንጥቅ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይረጥባል፤ ወዲያው ውሃው ይወርድለታል። አየር ሥሩ ድረስ ይገባል። እኔ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ቀበርኩት። ጥሩ አፈር የሚባለው ነገር ለጎመን ነው።

የቀሩትን አራቱን አወጣሁ። ሥራቸውን አጥቤ፣ የበሰበሰውን በመቀስ ቆርጬ፣ በሬድ አሽና በተፈጨ ከሰል መሀል አቆምኳቸው። ትንሽ ብስባሽ፣ እፍኝ ብቻ። ውሃ በመስታወት መርጫ፣ በሁለት ቀን አንዴ። አሁን መጸለይ ነው።

ታኅሣሥ 11

ጠርሙስ "ለ" ነጭ ሻጋታ አበቀለ። ገለባውን በደንብ አላራገፍኩም ማለት ነው። አወጣሁት።

ጠርሙስ "ሀ" ላይ ግን አረንጓዴ ነገር አለ! አልጌ ይሆናል ብዬ ብዙ አልጮህኩም። በአጉሊ መነጽር ግን ድፍን አረንጓዴ አይደለም። ነጥብ ነጥብ ነው፣ አንዳንዱም ክር መስሎ ረዝሟል። ስምንት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ 2,400 ሜትር ላይ ነው ያለነው። ሞቅ ያለ ቤት ቢሆን ቶሎ ይመጣ ነበር።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ነበር። አንድ የአጎቴ ልጅ ጠርሙስ "ሐ"ን የቆሸሸ ሃይላንድ መስሎት ሊጥለው ነበር። በአየር ላይ ቀለብኩት። ከዚያ ወዲህ "አይነካም" ብዬ ለጥፌበታለሁ። እናቴ ሥሩ "የሞኝ ማሳ" ብላ ጻፈችበት።

የካቲት 8

ልብ ናቸው። በእውነት የልብ ቅርጽ አላቸው። ትልቁ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ግማሽ አያክልም። ስስ ናቸው፤ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ አፈሩ ላይ ተለጥፈው ተኝተዋል። ፕሮታለስ ይባላሉ። ፈርን አይመስሉም። ሳታውቁ ብታዩአቸው ትጠርጓቸዋላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፖሩ የሚያበቅለው ፈርኑን አይደለም፤ ይቺን ልብ ነው። ከልቧ ሆድ ሥር የወንዱም የሴቷም ክፍል ይበቅላል። እንቁላሏ ወደ ላይኛው ስርጉድ ቀረብ ብላ ትቀመጣለች። የወንዱ ሴል እንደ ብሎን የተጠማዘዘች፣ ብዙ ጭራ ያላት ነገር ናት። ወደ እንቁላሏ የምትደርሰው ዋኝታ ነው። ውሃ ከሌለ ሠርግ የለም። ከተዋሐዱ በኋላ ነው የምናውቀው ፈርን ከልቧ ላይ የሚነሣው።

ይኼን የሁለት ትውልድ መፈራረቅ በ1851 አጥርቶ ያሳየው ቪልሄልም ሆፍማይስተር የሚባል ጀርመናዊ ነው። 27 ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የሚሠራው በአባቱ የሙዚቃ ማሳተሚያ ድርጅት ውስጥ ነበር፤ ዕፀዋቱን በራሱ ጊዜ ነው የሚያየው። ከሥራ መልስ ጠርሙስ ላይ ለማፍጠጥ ይኼ ጥሩ ምክንያት ሆኖኛል። ቤት ውስጥ ሲወቅሱኝ ሆፍማይስተርን እጠቅሳለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ውሃ አበዛሁ። የፈላ፣ የቀዘቀዘ የዝናብ ውሃ በመርጫ፣ ልቦቹ ላይ ጠብ ጠብ እስኪል። ሳምንት ሙሉ በየማታው እደግመዋለሁ። ለትልልቆቹ ውሃ ከለከልኩ፣ ለትናንሾቹ አበዛሁ። አንዱ ዕፅ፣ ሁለት ጠባይ።

ከሸክላዎቹ አራቱ ሦስት ሆነዋል። ከሦስቱ አንዱ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

መጋቢት 14

ቅዳሜን ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱ ያስደነግጣል። ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶ። ጉሬዛ ከላይ እየተወረወረ ቅርንጫፍ ያራግፍባችኋል።

የሄድኩት ግን አንገቴን ቀና አድርጌ የዛፍ ቅርፊት ለማየት ነው። አገኘሁት። መጀመሪያ ያየሁት አሮጌ ወይራ ላይ ነበር፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚለይበት ጉያ ውስጥ። እዚያ ለዓመታት የወደቀ ቅጠልና አቧራ ተጠራቅሞ ጥቁር ሆኗል። እጄን ሰደድ አድርጌ ነካሁት። እርጥብ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። ውፍረቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ሰባት ቅጠል የያዘ ፈርን በዚያ ላይ ይኖራል። እኔ ለአንዱ ሙሉ ሸክላ ጥቁር አፈር ሰጥቼው ነበር!

አብሮኝ የነበረው አስጎብኚ "ተቀጽላ ነው" አለኝ። አልተስማማሁም፤ ግን የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ተቀጽላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰዶ ከዛፉ ይጠጣል። ይኼ ቅርፊቱን መቀመጫ ብቻ ነው ያደረገው። የሚበላው ከዝናቡና ከተጠራቀመው ብስባሽ ነው። ዛፉ አያውቀውም ማለት ይቻላል። አስጎብኚው ትንሽ አሰብ አደረገና "ደባል ነዋ፣ ኪራይ የማይከፍል" አለ። እንዲህ አድርጌ አላስረዳሁትም ነበር።

ወደ ጫካው ዳር ስንመለስ ባሕር ዛፍ መጣ። ግንዱ ላይ ምንም የለም። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል። ልጣጩ ሲወድቅ የተሳፈረበትም አብሮ ይወድቃል። እንጦጦን ስንዞር የዛፍ ላይ ፈርን የምናጣው ለምን እንደሆነ ቢያንስ አንዱ ምክንያት ገባኝ።

ምንም አልነቀልኩም። ፎቶ ብቻ።

ሚያዝያ 13

ፋሲካ ትናንት ነበር። ዶሮውም ቂቤውም አጥግቦኝ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጠርሙስ "ሀ"ን አየሁ። ከአንዷ ልብ ስርጉድ ላይ አንድ ነገር ቆሟል። ክር የሚያህል እጀታ፣ ጫፉ ላይ ማራገቢያ የምትመስል አንዲት ቅጠል፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ። እንደ ትልቆቹ አልተከፋፈለችም። ጫፏ ላይ ግን ያ ጥርስ አለ።

ልጄን ጠራሁ። "ይኼ ነው?" አለች። ስድስት ወር ለዚህ። ከዚያ ራሷ መቁጠር ጀመረች። "አባዬ፣ እዚህም አለ። እዚህም።" 14 ቆጠረች። እኔ 12 ነው ያየሁት። የእሷ ዓይን ይሻላል።

ግንቦት 10

ይኼን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በራሴ።

ከሥራ ስመለስ ጠርሙስ "ሐ" በፀሐይ ተቀቅሏል። ውስጡ ያለው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። የሰሜን መስኮት ነው፣ ፀሐይ አይገባበትም ብዬ ነበር እኮ! በኅዳር አይገባም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ በኋላ ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እዚያው ናት። ሰላሳ ምናምን ዓመት በዚህ ቤት ኖሬ የመስኮቴን ፀሐይ አላውቅም። የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ከሰዓት በቂ ነው።

"ሀ" የተረፈው መጋረጃው ጫፉ ላይ ስለወደቀበት ነው።

ግንቦት 25

ማዛወር። "ሀ"ን ለአሥር ቀን ፕላስተሩን በትንሽ በትንሹ እያላቀቅኩ ከውጭ አየር ጋር አለማመድኩት። ዛሬ ችግኞቹን በስቴኪኒ እያነሣሁ በሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሰፈርኳቸው። አንድ በአንድ አላነሣኋቸውም። የጥፍር ያህል ቁራሽ፣ ከነልቧ፣ ከነአፈሯ። ሥራቸውን ብቻ መሳብ ይገድላቸዋል። ታቹ ሬድ አሽ፣ ላዩ የብስባሽና የከሰል ድቃቂ፣ ሁለት ጣት። ከመናገሻው ወይራ የቀዳሁት ልክ ነው።

31 ቁራሽ።

ሐምሌ 6

ዝናብ። ዕቃውን ከነክዳኑ ደጅ፣ ማድ ቤቱ ክንብል ሥር አውጥቼዋለሁ። ክዳኑን ቀን ቀን እከፍተዋለሁ። ደስ ብሏቸዋል። ቅጠሎቹ መከፋፈል ጀምረዋል፤ እጀታቸው ከታች በኩል ጠቆር ብሏል።

ሐምሌ 19

በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲጮህ እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ክዳኑ ግን ክፍት ነበር። የተሰባበረው ጥቂት ነው። የባሰው ሌሊት ላይ ነው። ቀንድ አውጣዎች ዕርጥበቱን ተከትለው መጥተው አሥራ አንዱን እስከ እጀታው በሉ። ያብለጨለጨውን መንገዳቸውን ተከትዬ ሦስቱን ከሸክላ ሥር ያዝኩ። አመድ በዙሪያው ነሰነስኩ። ዝናቡ አጠበው። እትዬ "በእጅህ ልቀም፣ ሌላ መላ የለውም" አሉ። አሁን ከእራት በኋላ ባትሪ ይዤ ለቀማ እወጣለሁ።

ነሐሴ 17

የጋሼ ግንብ ክሬም ቀለም ነው አሁን። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይመስገን። የእኛ ማድ ቤት የጀርባ ግድግዳ ግን ያው ድንጋይ ነው፤ ማንም አያስለስነውም፣ ገንዘብም የለን። ዛሬ እዚያ ገባሁ።

ከዕቃው የተረፉት 17 ናቸው። 12ቱን ግድግዳ ላይ አደረግኩ። ስንጥቁን በስክሩድራይቨር ጠርጌ፣ ከሸክላ አፈር፣ ከብስባሽና ከከሰል ድቃቂ እንደ ሊጥ ለወስኩ። ጭብጦ ሳይሆን ጣት በሚያህል ድብልብል ችግኙን መሀል አድርጌ ስንጥቁ ውስጥ ገፋሁት። በጠጠር ሽብልቅ አጠበቅኩት፣ እንዳይወድቅ። አቅጣጫው ላይ ተጠንቅቄያለሁ፦ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ ካለ ውሃ ይይዛል፤ ወደ ውጭ ዘንበል ያለውን መረጥኩ። አምስቱን ለመጠባበቂያ በዕቃው ተውኳቸው። ከድሮው ግንብ የተረፉትን ሁለቱን ደግሞ (ሦስተኛው በግንቦት ሞተ) ከላይ፣ አሸንዳው ከሚያንጠባጥብበት ፈንጠር አድርጌ።

ጋሼ በአጥሩ በላይ አዩኝ። "አሁን አንተ ግንብ ላይ ጎመን ተከልክ ማለት ነው?" አሉ።

መስከረም 20 ቀን 2018

ከ12ቱ ሦስቱ ወድቀዋል። ሁለቱን ዝናብ አጥቧቸው፣ አንዱን ዶሮ። ከመጠባበቂያው ተካሁ።

ጥቅምት 9

ዓመት ሆነው። ግድግዳው ላይ 10 ትናንሽና 2 ትልልቅ አሉ። ከትናንሾቹ ትልቁ የጣቴን ቁመት ያህላል። ጀርባቸውን ገልብጬ አየሁ፤ ሰረዝ የለም፣ ገና ናቸው። ከድሮዎቹ በአንደኛው ላይ ግን አለ። የሄርባሪየሙ ባለሙያ ሰረዝ ሲያወጣ አንድ ቅጠል አምጣልኝ ብለውኛል፤ የት እንደ በቀለ ጽፈው ወረቀት ላይ ሊለጥፉት። ሰኞ እወስድላቸዋለሁ።

ጋሼ ትናንት ሁለት ችግኝ ጠየቁኝ። በረንዳቸው ላይ ሊያደርጉት ነው። በሸክላ እንዳይሆን ስላቸው "ታዲያ በምን?" አሉኝ። ያኔ ከግንባቸው የወጣ ድንጋይ ከጀርባ ተከምሮ ነበር። አንድ ቀዳዳ ያለውን መርጬ ሰጠኋቸው።

የቀረኝ የበጋ ጥላ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ከሰዓት ላይ በግድግዳው ጥግ የምትገባ ፀሐይ አለች። የማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ ልሰቅል አስቤ ነበር። እትዬ ነጠላ ይሻላል፣ አየር ያስገባል አሉ። አሮጌ አላቸው።